ያልደረቀው ሲልከን

ቢቸና ውስጥ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብላ የተሠራች ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የሰው መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት ያህል ኖሬባታለሁ። የራሴ መኪና አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረች፤ እሷ ግን ተራ ደርሷት አያውቅም። ከሞተሯ ሥር ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ባቆምኳት ቦታ ሁሉ መሬቱን አጥቁራው ትነሳለች።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኛ መካኒኮች ኮፓ የምንለው፣ ከሞተሩ ሥር ሆኖ ዘይቱን የሚይዘው ጎድጓዳ ብረት፣ ከላይ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ጓርኒሲዮን አለው። ጓርኒሲዮን ሁለት ብረት ሲጋጠም ዘይት እንዳያልፍ መሃል የሚገባ ስስ ማሸጊያ ነው። የእሷ የቡሽ ነበር፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ከባሕር ዳር እንዲመጣልኝ ለሰው ነግሬ ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ወራት በጸጥታ ችግር መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋ ስለነበር ዕቃ የሚያመጣ አልተገኘም። እኔም ዘይት እየጨመርኩ፣ ከከተማ ሳልወጣ፣ እንዲሁ እነዳት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የደወለችው ሞጣ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት።

«እማዬ በጣም ደክማለች» አለችኝ። «ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለውናል። እሷ ደግሞ ‹እትዬን ጥሩልኝ› ከማለት ሌላ ቃል የላትም። አክስቴን ይዘህልኝ ና። መንገዱ ሳይዘጋ ዛሬውኑ ና!»

እትዬ የምትላት እናቴን ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ወላጆቻቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነበር። እናቴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አክስቴ ገና ጡት መጣሏ ነበር። እናቴ እሷን አዝላ የሰው እህል እየፈጨች አሳደገቻት፤ ለወግ ለማዕረግ ስትደርስም ሞጣ ለሚኖር ለአንድ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ዳረቻት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንዷ ወደ አንዷ ትሄዳለች። ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው። እናቴ በርጩማ ላይ፣ አክስቴ ከፊቷ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ እናቴ የእህቷን ፀጉር ፈትታ፣ አበጥራ፣ ቅቤ ቀብታ እንደገና ትሠራታለች። ሁለቱም የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ እንኳ ይህ አልቀረም። ያን ጊዜ ግን መንገዱ እየከለከላቸው ከተያዩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነበር።

ወደ እናቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ዛሬ። ሚኒባሶቹ ገና ሥራ አልጀመሩም፤ በእኔ መኪና ነው የምንሄደው። ትንሽ የምትሠራ ነገር አለች።»

«እንግዲያው ሂድና ሥራት። እኔ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ያን ቀን ያደረግሁትን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። መኪናዋን ጋራዤ ውስጥ ከተቆፈረው የመሥሪያ ጉድጓድ ላይ አቁሜ ከሥር ገባሁ። ዘይቷን አፈሰስኩ፤ ብሎኖቹን ፈትቼ ኮፓውን አወረድኩ። አሮጌው ቡሽ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። የቀረውን በመፋቂያ ፋቅሁት፤ ሁለቱንም ገጽ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረግሁ። የኮፓው ጠርዝ በብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ጎብጧል። እንዲህ ሲሆን ጠርዙን ብረት ላይ አስደግፎ በመዶሻ ቀስ እያሉ ማቃናት ነው ወጉ። ሦስት አራቱን አቃናሁና የቀረውን ተውኩት። ሲልከኑ ይሞላዋል አልኩ።

ሲልከን ከቱቦ እየተጨመቀ የሚወጣ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ማሸጊያ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ግማሽ የቀረው ቀይ ሲልከን ነበረኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ እጄን በእጃቸው ይዘው ነበር አጠቃቀሙን ያሳዩኝ። ስስ መስመር፣ ሳይቋረጥ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ በውስጥ በኩል። ከዚያ ኮፓውን ገጥሞ ብሎኖቹን በጣት ብቻ ማሰር፤ አንድ ሰዓት ያህል መተው፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቁ ማጥበቅ። ዘይት የሚሞላው በማግስቱ ነው። «ከበዛ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወጣል» ይሉኝ ነበር። «ወደ ውጭ የወጣውን ታየዋለህ። ወደ ውስጥ የገባውን ግን አታየውም።»

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስንቱን ሠራተኛ በዚህ ተቆጥቻለሁ! ያን ዕለት ግን ቱቦውን ጨምቄ ጨምቄ፣ ጣቴን የሚያህል ወፍራም መስመር አስኬድኩበት። ኮፓውን ገጥሜ ወዲያው በቁልፍ አጠበቅሁት። ቀዩ ሲልከን በጠርዙ ዙሪያ ተጨምቆ ወጣ። በጨርቅ ጠረግሁትና አማረ።

እናቴ በዚህ መሃል ግቢው ውስጥ ገብታ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ ይዛለች። ከጉድጓዱ ብቅ ባልኩ ቁጥር ዓይኗ ይከተለኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ስወጣ ጠየቀችኝ።

«ደረሰ?»

«ትንሽ ይድረቅ።»

«ስንት ይፈጃል?»

እስከ ነገ ማለት ነበረብኝ። ፊቷን ሳይ አፌ እንቢ አለኝ።

«አሁን ይደርሳል» አልኳት። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዘይቱን ሞላሁ። ሞተሩን አስነስቼ ከሥር በባትሪ አየሁ። አንድ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ለብዙ ወራት ያላየሁት ደረቅ ኮፓ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

«በይ ግቢ» አልኳት። «ደርሷል።»

ከቢቸና ስንወጣ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። እናቴ መንገዱን ሁሉ ስለ እህቷ አወራችኝ። ትንሽ ሳለች ጅብ ፈርታ ጀርባዋ ላይ እንደምትጣበቅባት፣ ሠርጓ ዕለት ከበቅሎ ላይ ወርዳ ሮጣ እንደተመለሰችባት። የሠርጉን ስትነግረኝ ሳቀች። ደብረ ወርቅን በሰላም አለፍን። ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ከመሪው በስተጀርባ፣ ዘይት ለሞተሩ አልደረሰም ብሎ የሚያስጠነቅቀው ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ አለ። ጠፋ። እንደገና በራ።

መካኒክ ነኝ። ያ መብራት ሲበራ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አጥፋ፣ አንድ ሜትር እንዳትነዳ!» ብዬ እጮህበት ነበር። እኔ ግን የመብራቱ ሽቦ ነው አልኩ፤ ከዚህ በፊት ሽቦው ላልቶ ያውቃል። ወርጄ የዘይት መለኪያውን ስቤ አየሁ። ዘይቱ ሙሉ ነው። ከሥር አየሁ፤ አያፈስም። ሽቦው ነው ብዬ ቀጠልኩ። ሞተሩ መጀመሪያ መንቋቋት ጀመረ፤ ቀጥሎ ብረት ብረትን እንደሚመታ ዓይነት ድምፅ አወጣ። ግንደወይን ሳንደርስ፣ አንድ ዳገት መሃል ላይ፣ ተጣብቆ ቆመ። ቁልፉን ሳዞረው እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ።

«ሞተሩ ሞተ።»

«አይነሳም?»

«አይነሳም እማ።»

ከመኪናው ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። ከላይ ከታች ምንም የሚመጣ የለም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ ከመንገዱ አጠገብ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወጡ። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁኝም። መኪናዋን ገፍተን ወደ ደጃቸው አስጠጋናት፤ በቅሏቸውን ጭነው እናቴን አስቀመጧትና እኔ በእግሬ እየተከተልኩ ግንደወይን ድረስ ሸኙን። ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። በዚያ ጊዜ ከመሸ በኋላ የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረም። አንዲት ሴት ቤት አሳደረችን። በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆመን ብንጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ያገኘነው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። እናቴ ጋቢና ገባች፤ እኔ ከላይ ጭነቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሞጣ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስንታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። እናቴ ከእኔ ቀድማ አይታው ኖሯል፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ከቀብር ተመልሰው ተቀምጠዋል። የአክስቴ ልጅ ሮጣ መጥታ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አክስቴ፣ ምነው ዘገዩ? ምነው ዘገዩ? ትናንት እስኪመሽ በሩን ስታይ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ‹እትዬ ናት› ትላለች። ሌሊቱን አለፈች። እናንተ ያላችሁበትን ስላጣን፣ ስልኩም ስለማይሠራ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቀበርናት።»

እናቴ አላለቀሰችም። ቆማ እንደ ነበረች፣ «ራሷን ማን ሠራት?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም አልሠራትም» አለች የአክስቴ ልጅ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አክስቴ ከታመመች ጀምሮ ፀጉሯን ማንም እንዳይነካባት ከልክላ ነበር። ‹እትዬ ስትመጣ ትሠራኛለች› ትላቸው ነበር። እናቴም ይህን ሳይነግሯት አውቃዋለች። ዘንቢሏን አስቀምጣ ከውስጥ ማበጠሪያና በቅል የያዘችውን ቅቤ አወጣች። ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ ቅሉ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አርሶታል። ለእህቷ ልጅ አቀበለቻት። እናቴን እኔና አንድ ለቀስተኛ ደግፈን አስቀመጥናት። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ልቅሶ ልጽፈው አልችልም።

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰድኳት። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ በመዳፏ ስትደለድለው ቆየች። እኔ ራቅ ብዬ ዛፍ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ሲያጽናናኝ «ምን ታደርገዋለህ፣ መንገዱ ነው፣ ዘመኑ ነው» ይለኛል። እኔም አዎ እላለሁ። ያን ጊዜ ሞተሩ ለምን እንደ ሞተ ገና አላየሁም። ሆዴ ግን አውቆታል።

ፒካፗን በሌላ መኪና አስጎትቼ ቢቸና ያመጣኋት ከወር በኋላ ነው። ጋራዡን ዘግቼ ብቻዬን ከሥር ገባሁ። ኮፓውን ሳወርደው ዘይቱ ውስጥ ቀይ ቁርጥራጭ ይዋኛል። ሞተሩ ዘይቱን የሚስብበት ቧንቧ ጫፍ ላይ ወንፊት አለ፤ ወንፊቱ በቀይ ሲልከን ተደፍኗል። ወደ ውስጥ ተጨምቆ የገባው ነው። ሳይደርቅ ትኩስ ዘይት ሲያገኘው ከጠርዙ ተላጠ፤ ሞተሩም ሳበው። ኮፓው ሙሉ ዘይት እያለው ሞተሩ በጥም ሞተ። የዘይቱ መብራት እውነቱን ነበር የነገረኝ።

ያን ሲልከን ከወንፊቱ ላይ በጥፍሬ ለቅሜ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ሽማግሌው መምህሬ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው አሹት።

«ከወንፊት ላይ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የማን መኪና ነው?»

«የእኔ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰኞ ጠዋቱን፣ ስልኩን፣ እናቴ ጎማው ላይ ተቀምጣ ያየችኝን። «ለምን ነካሃት?» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ታንጠባጥብ እንጂ ትሄድ አልነበር? ዘይት በጀሪካን ይዘህ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ብትጨምር፣ ግንደወይን ላይ ብትጨምር፣ ማታውን ሞጣ ትገባ ነበር። ምን አስነካህ ልጄ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ለአንድ ደንበኛ ቢሆን ያን ምክር ሳይጠይቀኝ እሰጠው ነበር። እናቴን በምታፈስ መኪና ይዤ ልሄድ አፍሬ ነው? ወይስ መካኒክ ስለሆንኩ እጄ ዝም ማለት አልቻለም? መልሱን እስካሁን አላውቀውም። መምህሬ ሊያጽናኑኝ ምንም አላሉም፤ እጄን ይዘው ብቻ ቆዩ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ለእናቴ ሳልነግራት ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ተዝካሩ ወጣ። እሷ መንገዱን ትረግም ነበር፤ አንዳንዴም መኪና የሚባለውን ነገር ሁሉ። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ይባስ ብሎ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ልጄማ የሚችለውን አደረገ፤ ጭነት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲመታው ዋለ» ትላለች። ያን ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስሄድ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ሽንብራ ስትለቅም አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም። «ምን ማለትህ ነው?»

«ማሸጊያው ሳይደርቅ ዘይት ሞላሁበት። አብዝቼም ቀባሁት። ደርሷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሳልነካት ብንሄድ ኖሮ ማታውን እንገባ ነበር።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እንድትጮህብኝ፣ ከቤቴ ውጣ እንድትለኝ። እሷ ግን አንድ ጠጠር ለቅማ ወረወረችና፣ «እኔ ነኝ ያጣደፍኩህ» አለች። «እዚያ ጎማ ላይ ተቀምጬ ዓይን ዓይንህን ባላይህ ኖሮ በደንብ ትሠራው ነበር።»

«አይደለም እማ! ያንቺ ጥፋት የለበትም።»

«እኔ ነኝ» አለች እንደገና። ሽንብራዋን መልቀም ቀጠለች። ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ለእህቴ ልጅ እንዳትነግራት። እሷ መንገዱን ትውቀስ። መንገድ ቢወቀስ ምን ይጎዳዋል? አንተን ከጠላች ግን ወንድም የላትም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም። ግን ጥፋቱን ከእኔ ወስዳ ራሷ ላይ እንደ ጫነችው አየሁ። ምግብ ቀነሰች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ታርፋለች። ጋራዤ መምጣቷንም ተወችው። ድሮ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ሳትል አታልፍም ነበር። እኔ ሸክሜን ላቀልል ብዬ ተናገርኩ፤ ለእሷ አሸከምኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር ይሆን? ይህንንም አላውቅም።

ለሙት ዓመቱ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ያን ሰሞን ሰላም ነበር። ያ ዳገት ላይ ስንደርስ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔ በሌላኛው መስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ተቀብላ አቀፈችን፤ ስታስተናግደን ዋለች። ሌሎቹ ሲሄዱ ሦስታችን ብቻ ቀረን። እናቴ በርጩማ አስመጣች፤ የእህቷን ልጅ «ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለቻትና ፀጉሯን ፈትታ መሥራት ጀመረች። መስመሩ ይጣመምባታል፤ እየፈታች ደግማ ትሠራዋለች። ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው።

እናቴ በዚያው ዓመት ከፍልሰታ ጾም በኋላ ታመመች፤ ብዙም አልሰነበተች። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ስልኩም ይሠራ ነበር። የአክስቴ ልጅ በማለዳ ተነስታ እናቴ ሳታርፍ ደረሰችላት። እጇን ይዛ አንድ ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጠች። ስንቀብራት ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ «አንተማ ያኔ እሷን ለእማዬ ለማድረስ ያልሆንከው የለም፤ እግዜር ያውቃል» አለችኝ።

አቀፍኳት። ምንም አላልኳትም። እስካሁንም አልነገርኳትም።